ምዕራፍ 6፦ እሸቱ ሳይጠነክር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ መኪና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዘ ወረታ ይገባል። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ ዞሮ በደብረ ታቦር በኩል እስከ ወልድያ ይወጣል። መገንጠያ ላይ ያለ ከተማ ደግሞ መንገደኛ አይጠፋበትም፤ መንገደኛ ባለበትም የሚበላ ነገር ይሸጣል። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ማለቂያ ከሚሸጠው ሁሉ ዓይን የሚስበው በከሰል ላይ እየተገላበጠ የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ነው። ተሳፋሪው በመስኮት ይቀበላል፣ እየላጠ ይበላል፣ ቆረቆንዳውን ይጥላል። ሁለት ወር ሳይሞላ እሸቱ ያልቃል። ቀጣዩን ለማግኘት ወይ መስኖ መጠበቅ ነው፣ ወይ ዓመት መቁጠር።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ክፍተት ነው። ቤቱ ፍሪዘር ያለው ሰው የመስከረሙን እሸት ለዐቢይ ጾም ማቆየት ይችላል? ይችላል። ብዙዎች ሞክረው ግን የሚያወጡት ለዛው የጠፋ፣ ድርቆሽ ድርቆሽ የሚል ፍሬ ነው፤ ጥፋቱንም ፍሪዘሩ ላይ ያላክካሉ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው በቆሎው ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ነው።

ወረታ የምትገኝበት ፎገራ ሲባል አስቀድሞ የሚታወሰው ሩዝ ነው፣ ቀጥሎም ከብቱ። ሜዳው የርብና የጉማራ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ ያነጠፉት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ከፍታውም ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ክረምት ሲገባ ሰፊው ክፍል ውሃ ይተኛበታል። ይህ ለሩዝ ይመቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ሩዝ አካባቢውን የወረሰው፣ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ የተተከለው በዚህ ምክንያት ነው። በቆሎ በተቃራኒው ሥሩ ውሃ ውስጥ ከተዘፈቀ ይታፈናል። ስለዚህ የፎገራ በቆሎ ቦታው ከፍ ያለው ዳርቻና ጓሮ ነው። የጓሮ በቆሎ ደግሞ ጎተራው በሚራቆትበት በክረምቱ መውጫ ቀድሞ የሚደርስ የቤት ደራሽ ነው። ከእርሱ ጥቂቱን ለፍሪዘር ማስቀረት ለገበሬው ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ለወረታ፣ ለባሕር ዳርና ለጎንደር የከተማ ቤተሰብ ግን እሸት በሚረክስበት ሳምንት ገዝቶ ማስቀመጥ ሒሳቡ የሚያዋጣ ነው።

እሸት ለምን ይጣፍጣል? ቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር በአገዳው በኩል ወደ ፍሬው ይልካል። ጥንቅሽ እያኘከ ያደገ ሁሉ ይህን ጉዞ በሌላ ተክል ላይ ቀምሶታል። ስኳሩ ፍሬው ውስጥ ገብቶ ግን ስኳር እንደሆነ አይቆይም። ተክሉ ስንቁን የሚያዘጋጀው ለሚቀጥለው ዘር ነውና ስኳሩን እያያያዘ ወደ ስታርች፣ ማለትም ዱቄቱን ዱቄት ወደሚያደርገው ንጥረ ነገር ይቀይረዋል። በቆሎው ከአገዳው ሲቆረጥ አዲስ ስኳር መምጣቱ ይቋረጣል፤ ቅየራው ግን ይቀጥላል። ፍሬው በሕይወት ስላለም ይተነፍሳል፤ ለትንፋሹ የሚያቃጥለው ያንኑ የቀረውን ስኳር ነው። ከሁለት ወገን የሚበላ፣ ከየትም የማይተካ ጥሪት ይሆናል ማለት ነው።

ፍጥነቱን እ.ኤ.አ. በ1919 አፕልማንና አርተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለክተውታል። ጣፋጭ በቆሎን በተለያየ ሙቀት አስቀምጠው ሲመረምሩ፣ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የቆየው በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ብቻ ስኳሩን ግማሽ ያህል አጣ። ዜሮ ዲግሪ ላይ የነበረው ግን በዚያው ጊዜ ያጣው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። የፎገራ ክረምት ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ አየሩ ራሱ 30 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ችግሩ እሸቱ የሚጫንበት ከረጢት፣ ማዳበሪያው ነው። በማዳበሪያ ታጭቆ የተከመረ እሸት በራሱ ትንፋሽ ይሞቃል፤ እጁን መሐል የሚያስገባ ሰው ሙቀቱ ያገኘዋል። ማታ ተቆርጦ በማዳበሪያ አድሮ ረፋድ ላይ ገበያ የወጣ በቆሎ ልጣጩ አረንጓዴ፣ መልኩ ያማረ ሊሆን ይችላል። ስኳሩ ግን ሌሊቱን ተጉዟል።

እዚህ ላይ ዝርያውም ጉዳይ አለበት። በውጭ አገር የፍሪዘር በቆሎ የሚሠራው በተለይ ለዚሁ ከተመረጠ ጣፋጭ በቆሎ ነው፤ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች በቆርቆሮ የሚሸጡት ቢጫ ፍሬም ከዚያው ወገን ነው። በእነዚህ ዝርያዎች ውስጥ ስኳሩን ወደ ስታርች የሚቀይረው መንገድ በተፈጥሮ የተበላሸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ጆን ላፍናን ከዚህም የባሰ “ብልሽት” ያለበትን፣ ደርቆ ሲታይ ፍሬው ጭምድድ የሚል በቆሎ መርምሮ የስኳሩን ብዛት አስታወቀ፤ ዛሬ የዓለምን ገበያ የያዙት እጅግ ጣፋጭ ዝርያዎች የዚያ ልጆች ናቸው። የእነርሱ ጣዕም በማቀዝቀዣ ውስጥ ብዙ ቀናት ይቆያል።

የአማራ ክልል ገበሬ የሚዘራው ግን የእህል በቆሎ ነው። በባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተለቀቀውን ቢኤች 660ንና በ1995 የተለቀቀውን ቢኤች 540ን የመሳሰሉት ዲቃላዎች የተመረጡት ኩንታል እንዲሞሉ ነው። ስታርች በብዛትና በፍጥነት መሥራት ለእነርሱ ሙያቸው ነው። ታዲያ እሸታቸው አይጣፍጥም ማለት አይደለም፤ መንገድ ዳር በልቶ የተደሰተ ሁሉ ይመሰክራል። ጣዕማቸው የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው እንጂ። የውጭ አገር የማብሰያ መጽሐፍ ይዞ የወረታን በቆሎ ለሚያዘጋጅ ሰው ትልቁ ማስተካከያም ይኸው ነው፤ መጽሐፉ “በማግስቱ” ካለ እዚህ “ዛሬውኑ” ተብሎ ይነበብ።

የሚቆረጥበትን ቀን ለመለየት የሚያስፈልገው ጥፍር ብቻ ነው። ጺሙ ደርቆ ቡናማ ሆኖ፣ ልጣጩ ግን ገና አረንጓዴ ሳለ ጫፉን ገለጥ አድርጎ አንድ ፍሬ በአውራ ጣት ጥፍር መጫን ነው። ጥርት ያለ ውሃ ከወጣ ገና ነው። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከፈነጠቀ ሰዓቱ ነው። እንደ ሊጥ ያለ ነገር ጥፍሩ ላይ ከቀረ ለጥብስና ለንፍሮ ይሁን፤ ለፍሪዘር አልፎበታል። ይህን የገበያ ሴቶች ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ገዢውም ልጣጩን እየገለጠ ሲጫን አይቆጡም፣ ሁሉንም ገልጦ አንዱንም ሳይገዛ ካልሄደባቸው በስተቀር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በቆሎን ጥሬውን ፍሪዘር ውስጥ መክተት ለምን አይበቃም? ቅዝቃዜ ሥራን ያዘገያል እንጂ ሠራተኞቹን አይገድልም። ፍሬው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች፣ ስኳሩን የሚቀይሩትም በእምብርቱ ያለውን ዘይት የሚያበላሹትም፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እንኳ እየተንፏቀቁ ይሠራሉ። ወራት ሲቆጠር ያ መንፏቀቅ ይደመርና የድርቆሽ ሽታ፣ የቆረቆንዳ ጣዕም ይሆናል። ዘመናዊውን ፈጣን ማቀዝቀዝ በገበያ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ክላረንስ በርድሳይ ነው። በካናዳ ላብራዶር ሲኖር የአካባቢው ሰዎች ያጠመዱት ዓሣ በብርዱ ወዲያው ረግቶ ከወራት በኋላም ጣዕሙን እንደያዘ አየ፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1930 ምርቶቹ በማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ለቸርቻሪ ገበያ ቀረቡ። ለሥጋና ለዓሣ ፍጥነቱ በቅቶ ነበር። አትክልቱ ግን ፈጥኖ ቢቀዘቅዝም ሲውል ሲያድር ይሸት ስለነበር፣ በዚያው ዘመን የነበሩ ተመራማሪዎች መፍትሔውን በተቃራኒው ጫፍ አገኙት፦ ከመቀዝቀዙ በፊት ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውሃ ማሳለፍ። ሙቀቱ ኢንዛይሞቹን ከሥራ ያስወጣቸዋል።

ስንት ደቂቃ? የአሜሪካ የቤት ውስጥ ምግብ አያያዝ መመሪያዎች ለሚፈለፈል በቆሎ ሙሉውን ራስ 4 ደቂቃ መቀቀል ይላሉ። ከቆረቆንዳው ጋር ለሚቀመጥ ደግሞ እንደ ውፍረቱ ከ7 እስከ 11 ደቂቃ፤ ሙቀቱ እስከ ቆረቆንዳው ልብ መድረስ አለበትና። እነዚህ ቁጥሮች ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ዝቅተኛ አገር የተጻፉ ናቸው። ከባሕር ጠለል በየ300 ሜትሩ ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ወረታ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ 92፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 91 ገደማ። ድስቱ ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይዘላል፣ ሙቀቱ ግን ያው ነው፤ እሳት መጨመር ውሃውን ፈጥኖ ያተነዋል እንጂ አያሞቀውም። መመሪያዎቹ ራሳቸው ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው አንድ ደቂቃ ጨምር ይላሉ። ስለዚህ የወረታው ቁጥር 5 ነው፣ 4 አይደለም። ይህች አንዲት ደቂቃ በከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ትሠራለች፤ በውጭ መጽሐፍና በቪዲዮ ተመርቶ የሚሠራ ሰው ደግሞ በቀላሉ ይዘላታል።

ከዚህ ሌላ የድስቱ ሥራ ቀላል ነው። ለግማሽ ኪሎ 4 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። በቆሎው ተልጦ፣ ጺሙ ተለቅሞ፣ ታጥቦ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ይገባል። ውሃው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልሶ ካልፈላ በቆሎው በዝቷል ማለት ነው፤ መቀነስ ነው። ደቂቃው የሚቆጠረው ውሃው መልሶ ከፈላ ጀምሮ ነው። ትልቅ ብረት ድስት ላይ አሥር አሥር እያሉ ለመገላገል መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ በቆሎ ኢንዛይሙ አይሞትም፣ ጭራሽ ይነቃቃል።

ከድስቱ የወጣው ወዲያው በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ቢያንስ የተቀቀለበትን ያህል ደቂቃ ይቆያል። የቧንቧ ውሃ ብቻውን በቂ ቅዝቃዜ የለውም። ስለዚህ በዋዜማው በሁለት ሦስት ሃይላንድ ውሃ ሞልቶ ማርጋት ሥራውን ያቀለዋል፤ ማቀዝቀዣ የሚሆነውም ውሃ ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ፣ ካልሆነም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ መቀዝቀዙ ቢዘገይ በቆሎው በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥልና ይላሽቃል። ከዚያ ጨርቅ ላይ ይጠነፍፋል። ራሱን በቁሙ ይዞ በስለታም ቢላዋ ከላይ ወደ ታች መፈልፈል ነው። ቢላዋው ፍሬውን ከሥሩ አይንቀለው፤ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛውን ይዞ ይውረድ። ሥሩ ድረስ የገባ ቢላዋ የቆረቆንዳውን ገለባ አብሮ ያመጣል፣ እርሱም ሲበላ ጥርስ ሥር ይሰነቀራል።

እንግዲህ ከነቆረቆንዳው ማስቀመጥ ወይስ ፈልፍሎ? ብዙዎች ከነቆረቆንዳው ይመርጣሉ፤ በኋላ እንደ እሸት ጠብሶ ለመብላት። የዚህ ጸሐፊ ፍርድ ግን ፈልፍሎ ነው። ቆረቆንዳ ፍሪዘርን የሚሞላ የማይበላ ዕቃ ነው፤ ረጅም ቅቅል ስለሚፈልግም ፍሬው ይጎዳል፤ ከፍሪዘር ወጥቶ በከሰል ላይ ሲጠበስ ደግሞ ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። የመንገድ ዳሩን ጥብስ ከፍሪዘር መጠበቅ አይገባም። ፍሪዘር አሳምሮ የሚሰጠው ለሾርባ፣ ለሰላጣ፣ ለሩዝና ለጥቅል ጎመን የሚሆን ፍሬ ነው። ፎገራ ላይ ሩዙ ከደጅ ነው፤ የበቆሎና የሩዝ ቅይጥ በጾም ቀን ያለ ብዙ ወጪ ገበታ ይሞላል።

የተፈለፈለው ፍሬ በትሪ ላይ በስሱ ተበትኖ መጀመሪያ ይረጋል፤ ከዚያ ዚፕ ባለው ወፍራም ፕላስቲክ ግማሽ ግማሽ ኪሎ እየሆነ፣ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ ይታሸጋል። ስስ ፌስታል አይሆንም፤ አየር ያሳልፋል፣ ፍሬውም ነጭ ነጭ እያለ ይደርቃል። በትሪ ማርጋቱ ሁለት ጥቅም አለው። ፍሬው አይጣበቅም፤ ፈጥኖም ስለሚረጋ በውስጡ የሚሠራው የበረዶ ቅንጣት ደቃቅ ይሆናል። ቀስ ብሎ የረጋ ፍሬ ትልልቅ ቅንጣት ይሠራል፣ ቅንጣቱ የሕዋሱን ግድግዳ ይቀዳል፣ ሲቀልጥም ውሃው ተንጠፍጥፎ ፍሬው ይላሽቃል። ስለዚህ በአንድ ቀን ፍሪዘሩን መሙላት አይገባም። ለየ28 ሊትሩ የፍሪዘር ቦታ በ24 ሰዓት ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይበቃል። መቶ ሊትር ያለው ሰው ከአራት ከአምስት ኪሎ በላይ በአንዴ አይጨምር።

ሁሉም ፍሪዘር አንድ አይደለም። በሩ ላይ ወይም ውስጡ የታተሙት ኮከቦች ለጌጥ አይደሉም፦ አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት 12፣ ሦስት 18 ማለት ነው። በአንድ ኮከብ የተቀመጠ በቆሎ የሳምንት ዕድሜ ነው ያለው፤ በሦስቱ ግን ከ8 እስከ 12 ወር ጥራቱን ይዞ ይቆያል። የመስከረሙ እሸት ለዐቢይ ጾም ብቻ ሳይሆን እስከ ግንቦት ድረስ የሚደርሰው በዚህ ነው። በማሸጊያው ላይ ወሩን መጻፍ አይዘንጋ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህ ጥያቄ በውጭ መጽሐፎች ውስጥ ማስታወሻ ሲሆን እዚህ ግን ዋናው ጥያቄ ነው። ሙሉ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሽ የሆነው 24 ሰዓት። ስለዚህ ባዶውን ቦታ ውሃ በሞሉ ሃይላንዶች መሙላት ነው፤ ሲረጋ ውሃ ስለሚሰፋ አፋቸው ድረስ አይሞሉ። ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር መብራት ሄዶ መምጣቱን የሚነግር አሮጌ ዘዴም አለ። በስኒ ውሃ አርግቶ በላዩ አንድ ሳንቲም ማስቀመጥ ነው። ከጉዞ ሲመለሱ ሳንቲሙ ከላይ እንዳለ ከሆነ ደህና ነው። ሰምጦ ከተገኘ ፍሪዘሩ ቀልጦ መልሶ ረግቷል፤ ውስጡ ያለው ምግብ የረጋ ስለመሰለ ብቻ አይታመንም። ገና የበረዶ ቅንጣት ያለበት በቆሎ ተመልሶ ሊረጋ ይችላል፣ ጥራቱ ቢቀንስም። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ የሞቀው ግን ይወገድ።

ቅዝቃዜ ጀርም አይገድልም የሚለውን አውሮፓ በከባድ ዋጋ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 በኦስትሪያ፣ በዴንማርክ፣ በፊንላንድ፣ በስዊድንና በብሪታንያ ሰዎች ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ ታመሙ። በሐምሌ 2018 ይፋ በሆነው ዘገባ 47 ሕሙማንና 9 ሟቾች ተቆጥረዋል። ምንጩ ሲፈለግ ሃንጋሪ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የተዘጋጀ የቀዘቀዘ በቆሎና ሌላ አትክልት ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሰው የቀዘቀዘ በቆሎን አቅልጦ ሰላጣ ላይ መነስነስ ልማዱ ስለሆነ አደጋው ሰፋ። ለአምስት ደቂቃ በፈላ ውሃ ያለፈ በቆሎም ቢሆን የበሰለ ምግብ አይደለም። ከፍሪዘር ሲወጣ ሳይቀልጥ በቀጥታ በፈላ ውሃ ወይም በጋለ ድስት ውስጥ ገብቶ እስኪያቃጥል ድረስ ይብሰል፤ ለሰላጣም ቢሆን ከበሰለ በኋላ ይቀዝቅዝ።

ፍሪዘር የሌለው፣ ወይም መብራቱን የማያምን ቤትስ? ለእርሱም ያው የፈላ ውሃ ያገለግላል፤ በበረዶ ፋንታ ፀሐይ ይገባል። በሰሜን አሜሪካ የሂዳትሳ ብሔረሰብ አባል የነበሩት፣ ባፈሎ በርድ ዉማን በሚል ስም የሚታወቁት የእርሻ ባለሙያ እናት እሸቱን በከፊል ቀቅለው፣ ፈልፍለው፣ በፀሐይ አድርቀው ለብርዱ ወራት ያስቀምጡ እንደነበር አስረድተዋል፤ ቃላቸውም እ.ኤ.አ. በ1917 በመጽሐፍ ታትሟል። መስከረም ላይ ፎገራ ገና ዝናብ ስለማያጣው ይህ ዘዴ ለክረምቱ እሸት አስተማማኝ አይደለም። በርብና በጉማራ ውሃ በበጋ ለሚለማው በቆሎ ግን ሁኔታው የተመቸ ነው፤ ፀሐዩ ይበረታል፣ አየሩ ደረቅ ነው። ፍሬው በሰፌድ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ ማታ ማታ ቤት እየገባ፣ ዝንብና አቧራ እንዳይነካው ስስ ጨርቅ ለብሶ ለቀናት ይደርቃል። እርጥበት የቀረበት ፍሬ ይሻግታል፤ በቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ደግሞ ጉበትን የሚጎዳውን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያመርት ይችላል። ስለዚህ በጥብቅ ክዳን ዕቃ ከመታሸጉ በፊት አንድ ፍሬ አንስተው ይንከሱ፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከታጠፈ ወይም ከላመ ወደ ፀሐዩ ይመልሱት።